ሳቫናና ቻርለስተን፦ ለሦስት ቀን ጉዞ የቤተሰብ ስንቅ



ጉዞ በኢስላም ትልቅ ቦታ አለው። ቁርኣን በምድር ላይ እንድንሄድና ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ፍጻሜ ምን እንደነበረ እንድናስተውል በተደጋጋሚ ያሳስበናል። የቀድሞዎቹ ዑለማዎች አንዲት ሐዲስ ከባለቤቷ አፍ ለመስማት የሳምንታት መንገድ ይሄዱ ነበር። በዘመናችን ግን፣ በተለይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን፣ የዕረፍት ጉዞ ማለት በአብዛኛው የልጆች መጫወቻ፣ የሆቴል መዋኛና የገበያ አዳራሽ ሆኗል። መዝናናት ነውር አይደለም፤ የቤተሰብም ሐቅ ነው። ነገር ግን ያው ገንዘብና ያው ሦስት ቀን ከመዝናናት ጋር ዕውቀትም ሊያስገኝ ከቻለ ለምን ይቀርብናል?

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው በአሜሪካ ደቡብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ስላሉ ሁለት ጥንታዊ ከተሞች ነው፤ በጆርጂያ ስላለችው ሳቫናና በሳውዝ ካሮላይና ስላለችው ቻርለስተን። በአትላንታ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቅርብ ናቸው፤ ከዋሽንግተን ለሚነሡም ቢሆን የአንድ ቀን መንገድ ናቸው። በአገር ቤት ያላችሁ አንባቢያንም ታሪኩን በማወቅ ትጠቀማላችሁ ብለን እናምናለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለምን እነዚህ ሁለት ከተሞች?

የቱሪስት መጽሔቶች ስለ ሁለቱ ከተሞች ሲጽፉ ስለ ውብ ቤቶቻቸው፣ ስለ አበባዎቻቸውና ከዋርካ ዛፎቻቸው ላይ እንደ ሽበት ተንዠርግጎ ስለሚታየው ሐረግ ያወራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቻርለስተን በ1670፣ ሳቫና በ1733 የተቆረቆሩ ስለሆኑ ለአሜሪካ እጅግ አሮጌ ከተሞች ናቸው። ነገር ግን ያንን ውበት የገነባው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ታሪክ ያገኛል።

የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬ አሜሪካ ወደምትባለው ምድር በቀጥታ ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች መካከል ከመቶ አርባ ያህሉ የገቡት በቻርለስተን ወደብ በኩል እንደሆነ ይገምታሉ። የአካባቢው ባለ እርሻዎች ሀብታቸው ሩዝ ስለነበር፣ ሩዝ ማብቀል ከሚያውቁት ከሴኔጋልና ከጋምቢያ እንዲሁም ከሴራሊዮን አካባቢ የመጡ ሰዎችን አብልጠው ይፈልጉ ነበር። እነዚህ አገሮች ደግሞ ኢስላም ለዘመናት የኖረባቸው፣ መድረሳና ዑለማ የሞላባቸው ነበሩ። በመሆኑም በሰንሰለት ታስረው ከመርከብ ከወረዱት መካከል ቁርኣን የቀሩ፣ ፊቅህ የተማሩ፣ በዐረብኛ የሚጽፉ ሙስሊሞች ይገኙ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሳውዝ ካሮላይና በ1740 ባወጣችው ሕግ ባሪያን መጻፍ ማስተማር በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር፤ ጆርጂያም ተመሳሳይ ሕጎች ነበሯት። ብዕር ከያዘ ሰው እግሩን በሰንሰለት ያሰሩት ይቀላል ብለው አስበው ነው። ሆኖም ከአፍሪካ ሲመጡ ብዕርን በልባቸው ይዘው የመጡ ነበሩ። እንግዲህ ጉዟችንን በዚህ ክር ላይ እንስፋው፤ በሁለቱ ከተሞች ውስጥ የመጻፍንና የማንበብን ታሪክ እየተከተልን እንሂድ። ይህን ያህል ብዙ ቤተ መዘክርና ሐውልት ባለበት ስፍራ አንድ ክር ያልያዘ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ይደክማል፤ ልጆቹም ይሰለቻሉ።

ከመነሣታችን በፊት

በሥራ ቀናት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ በቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ ሳስተምር የታዘብኩት ነገር ቢኖር ልጅ ያልተዘጋጀበትን ነገር ቢያይም እንደማያስተውለው ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ማታ ማታ ለአጭር ጊዜ ተቀምጣችሁ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

የመጀመሪያው ዑመር ኢብን ሰዒድ ነው። በ1770 ገደማ ዛሬ ሴኔጋል በምትባለው አገር፣ በፉታ ቶሮ ተወለደ። ሃያ አምስት ዓመት ዒልም ሲቀስም ከቆየ በኋላ በጦርነት ተማርኮ በ1807 በቻርለስተን ተሸጠ። ከጨካኝ ጌታ እጅ አምልጦ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሸሸ፤ እዚያም ተይዞ ታሰረ። በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል በዐረብኛ ሲጽፍ ያዩት ሰዎች እጅግ ተደነቁ። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ፤ አሜሪካ ውስጥ በባርነት ላይ እንዳለ በዐረብኛ የተጻፈ፣ እስከ ዛሬ የሚታወቅ የሕይወት ታሪክ የእሱ ብቻ ነው። ጽሑፉን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው፤ ይኸውም ንግሥና ሁሉ የአላህ መሆኑን በሚናገረው ምዕራፍ። ሰው ሰውን «የእኔ ንብረት ነህ» በሚልበት አገር ይህን ምዕራፍ ማስቀደሙ ምን ማለት እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት አይከብድም። በ1820 ገደማ መጠመቁና የቤተ ክርስቲያን አባል ተብሎ መመዝገቡ ይታወቃል፤ በእጁ በነበረው የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን ሙስሊም የሚጽፋቸውን የምስጋና ቃላት ጽፎ ተገኝቷል። ልቡን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ዘጠና ዓመት አልፎት፣ ነጻነትን ሳያይ ሞተ። የእጅ ጽሑፉን የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2017 ገዝቶ ማንም በኮምፒዩተር እንዲያየው አድርጓል። ከልጆቻችሁ ጋር ክፈቱትና «ቢስሚላህ» የሚለውን እንዲፈልጉ አድርጉ። ቁርኣን መቅራት የጀመረ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደሉን ሲለይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ እናንተው ታያላችሁ።

ሁለተኛው ቢላሊ ሙሐመድ ነው። የመጣው ዛሬ ጊኒ ከምትባለው አገር፣ ከፉታ ጃሎን ነው። ከሳቫና በስተደቡብ ባለችው የሳፔሎ ደሴት በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ በባርነት የሠራተኞች አለቃ ሆኖ ኖረ። ሲሞት አሥራ ሦስት ገጽ የሆነ የዐረብኛ ጽሑፍ ትቶ ሄደ። የሚያነበው ጠፍቶ ለብዙ ዘመን የግል ማስታወሻው ነው ሲባል ቆየ። በኋላ ሲመረመር ግን ስለ ዉዱእና ስለ ሶላት የሚናገር፣ በምዕራብ አፍሪካ መድረሳዎች ከሚቀራው የማሊኪ መዝሀብ ኪታብ፣ ከኢብን አቢ ዘይድ ሪሳላ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ኪታቡ በእጁ ሳይኖር፣ በወጣትነቱ የሐፈዘውን በባዕድ ደሴት ላይ አስታውሶ የጻፈው ይመስላል። ጽሑፉ ዛሬ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ የቤተሰብ ሹራ አድርጉ። ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። አባት አሚር ቢሆን እናት የገንዘቡን ሒሳብ ትያዝ ወይም በተቃራኒው፤ ትልቁ ልጅ የሶላት ሰዓት ጠባቂ፣ ሁለተኛዋ ካርታ አንባቢ፣ ትንሹ ደግሞ የውሃና የብስኩት ኃላፊ ይሁን። ኃላፊነት ያለው ልጅ በመንገድ ላይ አይነጫነጭም።

መቼና በምን?

ምርጡ ወቅት ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ጥቅምትና ኅዳር ነው። በጋው ወበቁ ከባድ ነው፤ ሕፃን ይዞ መሄድ አይመከርም። ሀሪኬን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ከሰኔ እስከ ኅዳር ሊነሣ ይችላል፤ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ በዚያን ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘብ የሚመለስበትን የሆቴል ቦታ ያዙ። በመጋቢት አጋማሽ ሳቫና ላይ የአይሪሾች በዓል ይከበራል፤ ከተማዋ በመጠጥና በጭፈራ ስለምትጥለቀለቅ ለቤተሰብ አትሆንም። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ በቻርለስተን ስፖሌቶ የተባለው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ስላለ የሆቴል ዋጋ ይንራል። ስለ ዑመር ኢብን ሰዒድ የተደረሰው ኦፔራ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ ፌስቲቫል ላይ ነው።

ከአትላንታ ሳቫና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሳቫና ቻርለስተን ከመቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ሁለት ሰዓት ነው። ከቻርለስተን ወደ አትላንታ መመለሻው አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በሳቫና ጀምሮ በቻርለስተን መጨረስ ባለ ሦስት ማዕዘን መንገድ ይሆናል፤ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አትሄዱበትም። ከዋሽንግተን ለሚነሡ ደግሞ በሁለቱም ከተሞች የሚቆም የአምትራክ ባቡር አለ፤ ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚሉ የታክሲ ሒሳብ መያዝን አትርሱ።

አዳርን በተመለከተ፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉ ሆቴሎች ውድ ናቸው፤ መኪና ማቆሚያውም ለብቻው ያስከፍላል። ሳቫና ላይ ፑለር በተባለው አካባቢ፣ ቻርለስተን ላይ ደግሞ በኖርዝ ቻርለስተን ማደር ኪስን ያሳርፋል። ማብሰያ ያለው ክፍል ከተገኘ ደግሞ የምግቡ ጭንቀት በግማሽ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ዓርብ በሳቫና

ከፈጅር ሶላት በኋላ ከአትላንታ የተነሣ ቤተሰብ ለጁሙዓ ይደርሳል። መንገደኛ በጁሙዓ ባይገደድም፣ ሳቫና ውስጥ መስጊዶች ስላሉ አስቀድሞ ደውሎ ሰዓቱን ጠይቆ መገኘት መልካም ነው። የአገሩን ሙስሊሞች መተዋወቅ ራሱ ከጉዞው ትርፎች አንዱ ነው።

ከጁሙዓ በኋላ ወደ አሮጌው ከተማ ግቡ። ሳቫና የተሠራችው በአራት ማዕዘን አደባባዮች ነው፤ ከሃያ አራቱ ሃያ ሁለቱ ዛሬም አሉ። ጥላ ያለበት መቀመጫ በየመቶ እርምጃው ስለሚገኝ ሕፃንም አረጋዊም አይደክምባትም። ልጆች አደባባዮቹን እየቆጠሩ ይሂዱ። ከእነርሱ አንዱ በ2023 ስሙ ተለውጦ የሱዚ ኪንግ ቴይለር አደባባይ ተብሏል። ቀድሞ የሚጠራው የባርነት ጠበቃ በነበረው ፖለቲከኛ በጆን ካልሁን ስም ነበር።

ሱዚ ኪንግ ቴይለር ማን ናት? በ1848 በባርነት የተወለደች ልጅ ናት። ሳቫና ውስጥ በድብቅ ወደምታስተምር ሴት ቤት ስትሄድ፣ ፖሊስ እንዳያየው መጽሐፏን በወረቀት ጠቅልላ ትይዝ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ፣ ራሷ አስተማሪ ሆና ከባርነት የወጡትን ማስተማር ጀመረች። መጽሐፍ በቦርሳው እየያዘ ማንበብ የሚሰንፍ ልጅ ያላችሁ ወላጆች በዚህ አደባባይ ላይ ትንሽ ቁሙ። መቆጣት አያስፈልግም፤ ታሪኩን መናገር ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ በ1867 ነጻ ለወጡት ልጆች የተከፈተውን የቢች ተቋም ማየት ይቻላል። ወደ ወንዙ ስትወርዱ ደግሞ በ2002 የቆመ የአንድ ቤተሰብ ሐውልት አለ፤ አባት፣ እናትና ልጆች ተቃቅፈው፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ እግራቸው ሥር ይታያል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ በ1859 ዓ.ም. መጋቢት 2 እና 3 ላይ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች በጨረታ ተሽጠዋል። በሁለቱ ቀናት ዝናብ ሳያቋርጥ ዘንቦ ነበርና የአካባቢው ሰዎች «የልቅሶ ጊዜ» ብለውታል። ቤተሰቦች የተለያዩበትን ይህን ቦታ ለትልልቅ ልጆች መንገር ተገቢ ነው፤ ለትንንሾቹ ግን ሐውልቱ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በሳቫና አሮጌው ከተማ መጠጥ በፕላስቲክ ኩባያ ይዞ በመንገድ ላይ መሄድ የተፈቀደ ነው። የወንዙ ዳር ጎዳና በዓርብና በቅዳሜ ምሽት ስለዚህ ለልጆች አይመችም፤ ከመግሪብ በፊት አይታችሁ ተመለሱ። «የመናፍስት ጉብኝት» እያሉ የሚጠሯችሁንም እለፏቸው። የሞቱ ባሪያዎችን ሥቃይ ለምሽት መሣቂያ የሚያደርግ ንግድ ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ቅዳሜ በመንገድ ላይ

ብዙ ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ በፍጥነት ያልፈዋል። እናንተ ግን በቡፎርት ከተማ በኩል ታጥፋችሁ ወደ ሴንት ሄለና ደሴት ግቡ። እዚያ ፔን ሴንተር የተባለ ትምህርት ቤት አለ። በ1862፣ የባርነት አዋጅ ገና ሳይሻር፣ ጌቶቻቸው ጥለዋቸው ለሸሹ ጥቁሮች ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ፊደል ቆጥረውበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓደኞቻቸው ስለ ትግላቸው ለመመካከር እዚሁ ይሰበሰቡ ነበር። ቤተ መዘክሩ የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህ የባሕር ዳርቻ ሁለቱን ከተሞች የሚያያይዝ ሌላም ታሪክ አለው። በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማን ሳቫና ውስጥ ከሃያ ጥቁር የሃይማኖት መሪዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ከቻርለስተን ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ፍሎሪዳ ያለው የባሕር ዳር መሬት ነጻ ለወጡት ቤተሰቦች በአርባ አርባ ኤከር እንዲከፋፈል አዘዘ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዙን ሽሮ መሬቱን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች መለሰ። መሬት ይነጠቃል፤ ፊደል ግን አንዴ ከተማሩት አይነጠቅም።

ሦስተኛው ቀን፦ እሁድ በቻርለስተን

ጠዋት እንደተከፈተ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተ መዘክር ግቡ። በሰኔ 2023 የተከፈተ ሲሆን፣ የተሠራው ጋድስደን ዋርፍ በተባለው የመርከብ ማራገፊያ ቦታ ላይ ነው። የባሪያ ንግድ በሕግ ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እዚህ ወርደዋል። ሕንፃው በአሥራ ስምንት አምዶች ላይ ከምድር አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል፤ መሬቱ ላይ ላለመርገጥ የተጠነቀቀ ይመስላል። ከሥሩ ባለው የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ በድንጋዩ ላይ በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደተደረደሩ ሰዎች ቅርጾች ተቀርጸዋል፤ ውሃ እየመጣ ይሸፍናቸዋል፣ ይሸሻልም። ሕንፃውን ለመጎብኘት ቲኬት አስቀድሞ መግዛት ይሻላል፤ የመታሰቢያው ስፍራ ግን ክፍያ የለውም።

ዑመር ኢብን ሰዒድ በዚህችው ከተማ የወረደው በ1807 ነው። ልጆቻችሁ ፊደሉን በቤታቸው አይተውታል፤ አሁን ባሕሩን ያዩታል። በዚህ ስፍራ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቁጭ ብላችሁ ዱዓ አድርጉ።

ከዚያ በቻልመርስ ጎዳና ያለውን የአሮጌ ባሪያ ገበያ ቤተ መዘክር እዩ። ከተማዋ በአደባባይ የሚደረገውን ሽያጭ በ1856 ስትከለክል ንግዱ ወደ ውስጥ የገባበት ቤት ነው። ብዙ ጎብኚዎች ባሪያ የተሸጠው «ሲቲ ማርኬት» በተባለው ገበያ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን የሥጋና የአትክልት ገበያ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥቁር እናቶች ከባሕር ዳር ሣር የሚሰፉትን ቅርጫት ይሸጣሉ። ስፌቱ ሰፌድና መሶብ ለሚያውቅ ዓይን እንግዳ አይደለም። ዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን አንዱን ለመስፋት ቀናት ስለሚፈጅ በክርክር አታስቸግሯቸው። በአሮጌ ግንቦች ስታልፉም ልጆች ጡቦቹን በቅርብ ይመልከቱ፤ በአንዳንዱ ጡብ ላይ በባርነት የሠሩት ሰዎች የጣት አሻራ፣ የሕፃናትም ጭምር፣ ይታያል።

በካልሁን ጎዳና ላይ አማኑኤል የተባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አለ። በሰኔ 2015 አንድ ዘረኛ ወጣት ለጸሎት ከተሰበሰቡት መካከል ዘጠኝ ሰዎችን ገድሎበታል። በአምልኮ ቤት ውስጥ የፈሰሰ ደም የማንም ይሁን የማን ያማል። በአክብሮት አልፋችሁ ታሪኩን ንገሩ። የከተማዋ ምክር ቤት በ2018 ስለ ባርነት በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ከከተማው ውጭ ያሉ የእርሻ ሰፈሮችን ማየት ከፈለጋችሁ በምርጫ ይሁን። አንዳንዶቹ የሠርግ ፎቶግራፍ መነሻ ሆነዋል። በጄምስ ደሴት ያለው ማክላውድ ግን በባርነት የኖሩትን ሰዎች ታሪክ ያስቀድማል።

ሶላትና ምግብ

ጉዞው ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና በአንድ ከተማም ከአንድ ወይም ሁለት ሌሊት በላይ ስለማይታደር በሻፊዒዎቹም ሆነ በሐነፊዎቹ ዘንድ መንገደኛ ናችሁ፤ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰገዳሉ። ፈጅርና መግሪብ አያጥሩም። ሁለት ሶላትን ማጣመር በሻፊዒዎች ይፈቀዳል፤ ሐነፊዎች ግን በተለመደው ጉዞ አያጣምሩም። ነዋሪ ኢማምን ተከትሎ የሰገደ ሙሉውን ይሰግዳል። ቂብላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። በሳቫና አደባባዮችና በቻርለስተን የባሕር ዳር መናፈሻ ጥግ ይዞ መስገድ ይቻላል። ቻርለስተን ውስጥ በኪንግ ጎዳና ላይ መስጊድ አለ።

የአካባቢው ምግብ ለእኛ ቅርብም ነው፣ አስቸጋሪም ነው። ሩዝ፣ ባሚያ፣ ቦሎቄ፣ ዓሣና ሽሪምፕ ሞልቷል፤ ቀይ ሩዙ የሴኔጋሎች ሩዝ ዘመድ ነው። ነገር ግን ጎመኑ በአብዛኛው የሚሠራው በአሳማ ሥጋ ነው፤ በቀይ ሩዙም ውስጥ አይጠፋም። ከባሕር ምግብ ጋር የሚቀቀለው ቋሊማም የአሳማ ነው። ዝነኛው የሸርጣን ሾርባ ደግሞ ሼሪ የተባለ ወይን ጠጅ ይጨመርበታል። ሸርጣንና ሽሪምፕን በሚመለከት መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሁሉም እንደተማረው ይሂድ። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሳማ አለበት ወይ? ወይን አለበት ወይ? የተጠበሰበት ዘይት ለብቻው ነው ወይ? ጥያቄው አያሳፍርም፤ አስተናጋጆቹ ለምደውታል።

ጊዜ ላለው፦ ሳፔሎ

አራተኛ ቀን ያለው ቤተሰብ ከሳቫና አንድ ሰዓት ወደ ደቡብ ነድቶ ወደ ሳፔሎ ሊሻገር ይችላል። ደሴቷ ድልድይ የላትም፤ በጀልባ ብቻ ስለሚገባ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። በጥቅምት 2024 የጀልባው መውጫ ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ስለሞቱ የመሻገሪያውን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ።

በ1930ዎቹ የሳቫና ጸሐፍት ወደዚህ ዳርቻ ወርደው የባርነትን ዘመን ልጆች አነጋግረዋል፤ ቃላቸውም በ1940 በመጽሐፍ ታትሟል። ከተናገሩት አንዷ የቢላሊ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ቢላሊና ሚስቱ በሙስበሃ ይቆጥሩ እንደነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀን ላይና ስትጠልቅ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ይሰግዱ እንደነበር ሰምታ አድጋለች። ከልጆቹ አንዷ ፋጢማ፣ ሌላዋ መዲና ትባሉ ነበር። አያቷ በዓመት አንድ ቀን ከሩዝ ትንንሽ ቂጣ ጋግራ ለልጆች እያደለች ስሙን «ሰራካ» ትለው ነበር። እኛ ሰደቃ የምንለው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቢላሊ ሶላትን ያውቅ ነበር፤ ስለ ሶላትም ጽፏል። ልጁ ሰደቃውን ያዘች። የልጅ ልጆቹ ቃሉን ያዙ፤ ትርጉሙን ግን አጡ። የሶስት ትውልድ መንገድ ነው። እነርሱን ልንወቅስ አንችልም፤ ማስተማር ወንጀል በሆነበት፣ ልጅ ከእናቱ እቅፍ በሚሸጥበት አገር ይህን ያህል ማቆየታቸው ራሱ ተአምር ነው። ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። እኛን ማንም አልከለከለንም። መስጊድ አለን፣ መድረሳ አለን፣ ኪታቡ በስልካችን ውስጥ ነው። ታዲያ የእኛ የልጅ ልጆች ምን ያውቁ ይሆን? የዒድ ቀን ዳቦውንና ልብሱን ብቻ ወይስ ሶላቱንም?

በመንገድ ላይ ልጆች ሌላም ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። «ሙስሊሞችስ ባሪያ አልነገዱም ወይ?» ቢሉ እውነቱን መልሱ። ከአገራችን ሰዎች በቀይ ባሕር በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ተሸጠዋል፤ ሻጭና ገዢዎቹም ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ወገን ነበሩ። ኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ ሙሉ በሙሉ የሻረችው በ1942 ነው። ይህን የሚሸፍን አባት ልጁ አድጎ ከሌላ ሲሰማው አመኔታውን ያጣል። እውነት የሚናገር ግን ልጁን ፍትሕን ያስተምረዋል።

ከጉዞው ስትመለሱ የማስታወሻ ዕቃ ብዙ አትግዙ። በምትኩ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እጅ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ የሚችል በዐረብኛ፣ የሚችል በአማርኛ፣ ያልቻለ በእንግሊዝኛ። ያየውን፣ ያዘነበትንና የሚያስታውሰውን ያስፍር። ወረቀቱን ከቁርኣኑ ጋር በአንድ መደርደሪያ አስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ ለልጆቹ ያነበው ዘንድ ይቆይለታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጉዟችሁን የሰላም፣ መመለሻችሁን የትርፍ ያድርገው፤ ዕውቀትንም ከትውልዳችን አያቋርጥብን። አሚን።